ዱባና ቅል በአንድ ገበታ፦ የመኸር ጠረጴዛ አሰነዳድ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» እንላለን። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው እውነቱ ከተረቱም ይሰፋል። የዱባ አበባ ቢጫ ነው። ጎህ ሲቀድ ይፈካና እኩለ ቀን ሳይሞላ ይከደናል። የቅል አበባ ነጭ ነው፤ የሚፈካውም አመሻሽ ላይ ነው። ዱባን ንብ ትጎበኘዋለች፣ ቅልን የምሽት የእሳት ራት። የዱባ የትውልድ አገሩ የአሜሪካ አህጉር ነው፣ የቅል ደግሞ አፍሪካ። በሜክሲኮ ዋሃካ ግዛት፣ ጊላ ናኪትዝ በሚባል ዋሻ ውስጥ 10,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዱባ ዘሮች ተገኝተዋል። እንግዲህ ሁለቱ ይህን ያህል የተራራቁ ናቸው። ቤተሰባቸው ግን አንድ ነው። በመኸር ተሰብስበው አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደግሞ በጣም ይዋደዳሉ።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ጠረጴዛ ማሰናዳት የምወደው ለዚህ ነው። ለየቅል የበቀለው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ዙሪያውን የሚቀመጡት ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ቅደም ተከተሉን ማወቅና አለመቸኮል ይበቃል። እኔ ከዓመታት ሙከራ ያገኘሁትን እንደሚከተለው ላካፍላችሁ።

1. ዱባውን መምረጥ

ብዙ ሰው ዱባ የሚመርጠው በቀለሙ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበርኩ። ድምቅ ያለ፣ ድብልብል ያለ፣ አንድ ጭረት የሌለበት ዱባ ስፈልግ እውል ነበር። አንድ ዓመት ሁለት ዱባ ይዤ ገባሁ። አንደኛው እንከን አይወጣለትም። ሁለተኛው ጎኑ ላይ እንደ ቡሽ የደረቀ፣ ስንዝር የሚያህል ጠባሳ ነበረው። ቆንጆውን መሃል ላይ አደረግሁት። ባለጠባሳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጥግ አስያዝኩት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቆንጆውን ላነሳው ብል እጄ ሰመጠ። ሥሩ ላልቶ፣ ውኃው ጨርቁን አልፎ እንጨቱን አርሶታል። ባለጠባሳው ግን ክረምቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ቆየ።

ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። ቆንጆው አናቱ ላይ ያለችው ጭራ ከሥሯ ተነቅላ ነበር። ያ ክፍት ቁስል ነው፤ ሻጋታ የሚገባውም በዚያ ነው። የሌላኛው ቁስል ግን ገና ሐረጉ ላይ ሳለ የደረሰበት ነው። ዱባ እያደገ ሳለ ሲጫር ራሱን በቡሽ መሰል ሽፋን ይጠግናል። ቁስሉ ይድናል፣ ምልክቱ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ዱባ ስመርጥ «ጠባሳ አለው ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው «ድኗል ወይ?» ብዬ ነው። ሰውን በማይበት ዓይን ላይም ይህ ነገር ለውጥ አምጥቶብኛል።

ስለዚህ ስትመርጡ ከጭራው ጀምሩ። ደረቅና ጠንካራ መሆን አለበት። ርዝመቱም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። አረንጓዴና ለስላሳ ከሆነ ዱባው ገና አልበሰለም። ቀጥላችሁ ቆዳውን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉ። የበሰለ ዱባ ጥፍር አያስገባም። ከዚያ ገልብጡትና ሥሩን በአውራ ጣት ዳስሱት። ትንሽም ብትሆን የምትላላ ቦታ ካለች ተዉት፤ ቀለሙ ቢያማልልም ተዉት። በመጨረሻ ደልዳላ ነገር ላይ አስቀምጡትና ይወላገድ እንደሆነ እዩ። የሚንከባለል ዱባ ጠረጴዛ ላይ መከራ ነው።

አንድ ጎኑ ላይ ገርጣ ያለ ቦታ ብታዩ አትደንግጡ። መሬት ላይ የተኛበት ነው፣ ፀሐይ አላገኘውም። ሕመም አይደለም።

መጠንን በተመለከተ፣ ለስድስት ሰው ጠረጴዛ አንድ ከፍ ያለ፣ ሦስት መካከለኛ፣ አምስት ወይም ሰባት በእጅ መዳፍ የሚያዙ ትንንሾች በቂ ናቸው። ግዙፍ አትፈልጉ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ሃፍ ሙን ቤይ የተመዘነ አንድ ዱባ 1,247 ኪሎ ግራም ደርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። እንዲህ ዓይነት ዱባ የሚያሳድጉ ሰዎች ከአንድ ሐረግ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ ያስቀራሉ። ሌላውን ሁሉ ገና በለጋነቱ ይቀጥፉታል። ጥበቡ ይገርመኛል፣ ትዕግሥታቸውንም አከብራለሁ። ለገበታ ግን የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው።

ቀለም ቀላቅሉ። ብርቱካናማ ብቻውን ሲሆን ቶሎ ይሰለቻል። ከአውስትራሊያ የመጣው ጃራዴል የሚባለው ዓይነት ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ ነው፤ ከብርቱካናማው አጠገብ ሲቀመጥ ሁለቱም ይደምቃሉ። ቤቢ ቡ የሚባለው ትንሹ ነጭ ዱባም ለዓይን ማረፊያ ይሆናል። ካገኛችሁ አንድ ሁለት አንገታም ቅል ጨምሩ። ቁመታቸው ከክቡ መሃል ብቅ ሲል ድርድሩ ነፍስ ይዘራል።

ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ለጌጥ ብቻ የሚሸጡ፣ ኪንታሮታምና ዝንጉርጉር የሆኑ ትንንሽ ዱባ መሳዮች አይበሉም። ኩከርቢታሲን የሚባል በጣም መራራ ንጥረ ነገር ስላላቸው ሆድን ክፉኛ ያውካሉ። ልጆች ካሉ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

2. ማንሳትና ማጠብ

ዱባን በጭራው አታንሱ። እጀታ ይመስላል፣ ግን አይደለም። አንዴ ከተነቀለ መመለሻ የለውም። ሕፃን እንደምታቅፉ አድርጋችሁ ከሥር ደግፉት።

ቤት ሲገባ አፈሩን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉና በለብታ ውኃ እጠቡት። ለጌጥ ብቻ የሚሆነውን አንድ እጅ በረኪና ከአሥር እጅ ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ በዚያ የተነከረ ጨርቅ ጥረጉት። ቆዳው ላይ የተቀመጠውን የሻጋታ ዘር ይገድልላችኋል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በኋላ ልትበሉት ያሰባችሁትን ዱባ ግን በንጹህ ውኃ ብቻ እጠቡት።

ከዚያ አድርቁት። ላይ ላዩን ሳይሆን በጭራው ዙሪያ ያለችውን ጉድጓድ፣ በጎድኖቹ መካከል ያለውን ስርጉድ ሁሉ። የመጀመሪያው ሻጋታ የሚታየው እዚያ ነው። ቀጭን ጨርቅ በጣት ጠቅልሎ ማዞር ነው መፍትሔው።

3. ማሳረፍ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዱባው ከማሳ በቅርቡ የተቆረጠ ከሆነ ወዲያው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አታስገቡት። ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ለአሥር ቀን ያህል ይረፍ። በእነዚያ ቀናት ቆዳው ይጠነክራል፣ ትንንሽ ጭረቶቹ ይደርቃሉ። ከውጭ ሲያዩት ምንም የሚሠራ አይመስልም። ለወራት የሚያቆየውን አቅም የሚያገኘው ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ከዕረፍቱ በኋላ የሚመቸው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው። እንዲህ ከተያዘ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ከ10 በታች ሲወርድ ብርዱ ይጎዳዋል። የምንኖርበት ክፍል ከዚህ ይሞቃልና፣ እኔ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ዱባዎቹን ቀዝቀዝ ያለ ኮሪደር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ሳይደራረቡ፣ ሳይነካኩ፣ ሥራቸው ካርቶን ተነጥፎለት። ከፖምና ከበሰለ ፍራፍሬም አርቃቸዋለሁ። ፍራፍሬ የሚለቀው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ዕድሜያቸውን ያሳጥረዋል።

እኔ ራሴ ሥራ ሲበዛብኝ ይህን የአሥር ቀን ነገር አስታውሳለሁ። ያረፈ ሰው ሥራ የፈታ ሲመስለን ቶሎ እንፈርዳለን።

4. ጠረጴዛውን ባዶ ማድረግ

ቁልፉን፣ ደረሰኙን፣ ቻርጀሩን፣ ያልተከፈተውን ፖስታ፣ ሁሉንም አንሱ። ጥረጉት። ባዶውን ጠረጴዛ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ እዩት። ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የትኛውን ጫፍ ነው?

ከዚያ ለኩ። ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያስፈልገዋል። ጠረጴዛው 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከሁለቱም ወገን ለሳህን 30፣ 30 ሲቀነስ መሃል ላይ የሚቀረው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጌጣችሁ ከዚያ መስመር ካለፈ ሰው ክርኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ይህን ልኬት እንደ ሕግ ያዙት። ጌጡ ለሰው ነው የተሠራው።

5. መደርደር

መሃል ለመሃል ጠባብ ጨርቅ ዘርጉ። ጆንያ መሰል ሻካራ ጨርቅ በጣም ይስማማል፤ የዱባውን ልስላሴ ያወጣዋል። ከጨርቁ በታች፣ ዱባ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ቀጭን ፕላስቲክ ወይም የጠርሙስ ማስቀመጫ አድርጉ። እኔ እንጨቴ ከረሰረሰ በኋላ ነው የለመድኩት፣ እናንተ ከወዲሁ ልመዱት።

አሁን ትልቁን ዱባ አምጡ። ልክ መሃል ላይ አትትከሉት። ከመሃል ትንሽ ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ አድርጉት። መካከለኞቹን ሁለቱን በሌላው ወገን፣ አንዱን ደግሞ ከትልቁ ጎን አስቀምጡ። ልክ እንደ ሚዛን ነው። አንድ ከባድ ነገር በቅርብ፣ ሁለት ቀለል ያሉ ነገሮች በሩቅ። ከዚያ ትንንሾቹን በክፍተቱ መካከል በትኑ። እኩል እኩል አትለኳቸው። ሁለቱን አጠጋጉ፣ አንዱን ብቻውን ተዉት። ተፈጥሮ በማስመሪያ አትደረድርም።

ጭራቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳይዞር ተጠንቀቁ። አንዱን ጋደም አድርጉት፣ ሥሩ ይታይ። የዱባ ሥር፣ አበባው የረገፈበት ያ ክብ ምልክት፣ እንደ እምብርት ያምራል።

ባለጠባሳውንስ? ወደ ሰው አዙሩት። ወንበር ወዳለበት ወገን፣ በደንብ ወደሚታይበት። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ይህን አደርጋለሁ፤ እንግዳ ሁሉ እጁን ዘርግቶ የሚነካው እሱኑ ነው። ለስላሳውን ቆዳ አልፎ ጠባሳው ላይ በጣቱ ይሄዳል። ከዚያ ወሬ ይጀመራል። አንዲት ዘመዴ አንዴ ጠባሳውን እየዳሰሰች ከብዙ ዓመት በፊት ስለደረሰባት አደጋ አወራችን። ከዚያ በፊት ማናችንም ሰምተን አናውቅም ነበር። ቁርጡን ልናገርና፣ እኔ ጠረጴዛ የማሳምረው ለእንደዚያ ዓይነት ምሽት ነው።

ሁሉም ከተደረደረ በኋላ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ እጃችሁን ቀጥ አድርጉ። ከጨበጣችሁት መዳፍ በላይ የሚወጣ ነገር ካለ አንሱት ወይም ወደ ዳር ውሰዱት። በግምት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ከበለጠ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ይጋርዳል። በየወንበሩ እየዞራችሁ ተቀመጡና እዩ፤ አንድም ወንበር አትዝለሉ። ልጅ የሚቀመጥበት ካለ ጎንበስ ብላችሁ በልጁ ቁመት እዩት። አንገታሙ ቅል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናበተው እዚህ ላይ ነው። መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጡት፣ እዚያም ያምራል።

6. ቅጠል

ዱባ ያለ ቅጠል ራቁቱን ነው። ከዛፍ ሥር የወደቁትን ልቀሙ። ያልተሰባበሩ፣ ያልረጠቡ፣ ቀለማቸው የተቀላቀለ።

ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ለምን ይመስላችኋል? እኔ ድሮ ቢጫው አዲስ የመጣ ቀለም ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ካሮቲኖይድ የሚባለው ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም በቅጠሉ ውስጥ ከመጀመሪያው አለ። በጋውን ሙሉ የክሎሮፊል አረንጓዴ ሸፍኖት ይከርማል። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ ክሎሮፊሉ ይፈራርሳል፣ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይወጣል። ዱባውን ብርቱካናማ ያደረገውም የዚያው ወገን ቀለም ነው። ቅጠሉና ዱባው ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚስማሙት ለዚህ ነው። ቀዩ ግን ሌላ ታሪክ አለው። አንቶሳያኒን ይባላል፤ በአብዛኛው ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል የሚሠራው ነው። ሊረግፍ የቀረበ ቅጠል አዲስ ቀለም መሥራቱን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ቅጠሉ እንዲቆይ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ መጫን ነው። በሁለት ጋዜጣ መካከል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፍጣፋና ደረቅ ይሆናል። ቀለሙ ይቆያል፣ ግን ይሰባበራል።

ሁለተኛው በግሊሰሪን ነው። አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት እጅ ውኃ ቀላቅሉ። ጎድጎድ ያለ ትሪ ላይ አፍሱና ቅጠሎቹን ንከሯቸው። እንዳይንሳፈፉ ሌላ ትሪ ጫን አድርጉባቸው። ከሁለት እስከ ስድስት ቀን ይቆዩ። ሲወጡ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋሉ፣ አይሰባበሩም። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጉና አድርቋቸው። ቀለማቸው ጠቆር ሊል ይችላል። እኔ ያንን ጠቆር ያለውን እወደዋለሁ።

የጥድ ፍሬ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ነፍሳት ስለማይጠፋው ግን 95 ዲግሪ ባለው ኦቭን ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ አጠገቡም ሁኑ። የስንዴ ዛላ እንደ እቅፍ አበባ በገመድ ታስሮ ጋደም ቢል በቂ ነው።

7. ዱባን የአበባ ማስቀመጫ ማድረግ

ይህ ግዴታ አይደለም። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ይህን ስለሆነ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ።

አንድ መካከለኛ ዱባ ምረጡ። ውስጡ የሚገባ ብርጭቆ ወይም ማሰሮ መሰል ጠርሙስ አዘጋጁ። የብርጭቆውን አፍ አናቱ ላይ ደፍታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፉ። ዱባውን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፣ እንዳይንሸራተት። ቢላዋው አጭርና ስለታም ይሁን። ወደ ታች ወጋ፣ ወደ ላይ ሳብ እያደረጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ ዙሩት። በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትታገሉ፤ ብዙ ሰው እጁን የሚቆርጠው ዱባው ድንገት ሲለቅ ነው።

ክዳኑን አንሱት። ቀድሞ የሚመጣው ሽታው ነው። እንደ ሐብሐብም እንደ ዝናብ መሬትም ያለ ሽታ አለው። ከዚያ ዘሩ። በእርጥብ ክሮች ተንጠልጥሎ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ዘር ጫፉ ላይ በቀጭን ክር ታስሯል። አንድ ዱባ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ሊኖር ይችላል።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። እያንዳንዷ ዘር እንድትፈጠር አንድ የአበባ ዱቄት ቅንጣት ያስፈልጋታል። የዱባ ሴቴ አበባ የምትፈካው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ዱቄቱ ከባድና የሚያጣብቅ ስለሆነ ነፋስ አያመጣውም፣ ንብ ናት የምታመጣው። ሐረጉ ደግሞ ወንዴ አበቦቹን ቀድሞ ያወጣል፣ ሴቴዋ ቆይታ ትመጣለች። ብዙ አዲስ ገበሬ በዚያ ሰሞን «አበባው ሁሉ ያለ ፍሬ ረገፈ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሐረጉ ግን እየተሰናዳ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው እፍኝ ዘር ያቺ አንዲት ጠዋት በደንብ እንዳለፈች ይመሰክራል። እኔ ዘሩን ባወጣሁ ቁጥር ያንን ጠዋት አስባለሁ።

ዘሩን ለብቻ አስቀምጡ። ክሩን በብረት ማንኪያ ፍቃችሁ አውጡ፤ ግድግዳው ንጹህ እስኪሆን ድረስ። እርጥብ ክር ከቀረ በሁለት ቀን ይሻግታል። ብርጭቆውን አስገቡ፣ ውኃ ሙሉበት። የአበቦቹን ግንድ በሰያፍ ቁረጡ፤ ከውኃው በታች የሚውለውን ቅጠል ሁሉ አራግፉ። ውኃውን በየሁለት ቀኑ ለውጡ። የተከፈተ ዱባ ከአንድ ሳምንት በላይ እምብዛም አይቆይም፣ ክፍሉ ከሞቀ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ እንግዳ ከሚመጣበት ቀን በፊት ባለው ምሽት ሥሩት እንጂ ቀድማችሁ አትክፈቱት።

ልጆች ካሉ ቢላዋ አይስጧቸው። ትንንሾቹን ዱባዎችና አክሪሊክ ቀለም ስጧቸው። የእያንዳንዱን እንግዳ ስም እንዲጽፉ አድርጉ፣ የመቀመጫ ምልክት ይሆናል። ፊደሉ ቢንጋደድ አታቃኑላቸው። ቀለም የተቀባ ዱባ እንደማይበላም አስታውሱ።

8. ብርሃን

የጣሪያውን ትልቅ አምፖል አጥፉ። ከጎን የሚመጣ ዝቅ ያለ ብርሃን የዱባውን ጎድን ሁሉ ያወጣዋል። እኔ በባትሪ የሚሠራ ሻማ እመርጣለሁ። ደረቅ ቅጠል፣ ደረቅ ዛላና ጆንያ ባለበት ጠረጴዛ ላይ እሳት ማስቀመጥ አደጋ ነው። እውነተኛ ሻማ ካልሆነ ካላችሁ፣ ረዘም ባለ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉት፣ ዙሪያውን ከቅጠል አጽዱት፣ ከክፍሉ ስትወጡም አጥፉት። ሽታ ያለው ሻማ ገበታ ላይ አይሁን፤ ከምግቡ መዓዛ ጋር ይጣላል።

9. እንግዳ ከሄደ በኋላ

በሦስት ቀን አንዴ ዱባዎቹን አንሱና ሥራቸውን ዳስሱ። የላላ ካለ ያን ቀን አውጡት። አንድ የበሰበሰ ዱባ አጠገቡ ያለውን ይነካል። ጠርዙ ላይ ውኃ የሚያወጣ ከሆነ ጨርቁንም ለውጡ።

ያልተቀባውና በረኪና ያልነካው ጤነኛ ዱባ ለምግብ ይሁን። ጌጥ ሆኖ የቆየው ሙሉ ዱባ ሳይከፈት እስከቆየ ድረስ ችግር የለውም። ተከፍቶ ሌሊት ውጭ ያደረ ግን አይበላ። ስትቀቅሉትም ሆነ ስትጠብሱት መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ቅመሱ። የሚመር ከሆነ ጣሉት፣ ሌላም ሰው አይቅመሰው።

ቀለም የሌለበት ሌላው ሁሉ ለአፈር ይመለሳል። ቆራርጣችሁ ከረገፉት ቅጠሎች ጋር ኮምፖስት ውስጥ ክተቱት። ዱባው እርጥበቱን ይሰጣል፣ ቅጠሉ ድርቀቱን፤ አብረው ቶሎ ይፈርሳሉ። ግሊሰሪን የነካቸውን ቅጠሎች ግን አትጨምሩ፤ በካርቶን ሳጥን አስቀምጧቸው፣ ለሚመጣው ዓመት ይሆናሉ።

የቀረው ዘሩ ነው። ግማሹን እጠቡና አድርቁ፣ 150 ዲግሪ ባለው ኦቭን ውስጥ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ወርቅማ እስኪሆን ቁሉት። ግማሹን ለዘር አስቀሩ። ለዘር የሚሆነው ወፍራሙና ሆዱ የሞላው ነው። በውኃ እያሻችሁ የሚያሙለጨልጨውን ልባስ አስለቅቁት፣ ሳህን ላይ በትኑት፣ በየቀኑ አገላብጡት። ለሁለት ሳምንት ያህል ይድረቅ። ስታጥፉት ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ደርቋል። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። አራት ዓመት ያህል ይቆያል።

ዱባ ከዘመዶቹ ጋር በቀላሉ ይዳቀላል። ስለዚህ የሚበቅለው ከእናቱ ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ግራጫ ከነበረው ብርቱካናማ ሊወጣ ይችላል፣ ከክቡም ሞላላ። ከወጣውም ፍሬ መጀመሪያ ቅመሱ፣ የሚመር ሊሆን ይችላልና።

እኔ ፖስታው ላይ ዓመቱን እጽፋለሁ። የዱባውን መልክ እጽፋለሁ። ማን ማን ያን ምሽት ጠረጴዛው ዙሪያ እንደነበረም እጽፋለሁ። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ፖስታ «ባለጠባሳው» ይላል፤ ከሥሩ ስድስት ስም አለ። ብርዱ ሲያልፍና አፈሩ ሲሞቅ 3 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ እቆፍርና ሁለት ሁለት ዘር እጨምራለሁ።